ወረቀቱን ማን አነበበው?



ባለፈው ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥ አንድ ቢሮ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት እናት መጡ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከፌስታል ውስጥ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሁሉም ሰው ‹ልጅሽ ቤት ሐሺሽ ተገኘ› ይለኛል። ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን የነገረኝ የለም» አሉኝ።

ወረቀቱ የክሱና የማስረጃዎቹ ኮፒ ነበር። ልጃቸው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ግቢው ውስጥ ከአከራዮቹ ቤት ሌላ አራት የኪራይ ክፍሎች አሉ። ፖሊስ ገብቶ ሲበረብር በሦስቱ ልጆች ክፍል ከፍራሽ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ሐሺሽ አገኘ። ሦስቱም ተከሰሱ። እስከዚህ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ሰፈሩ የማያውቀው የብርበራ ትእዛዙን ነው። ፖሊስ ትእዛዙን ሲጠይቅ ያቀረበው ምክንያት አንድ መስመር ተኩል ነበር፤ በአካባቢው አደንዛዥ ዕፅ እንደሚዘዋወር ከታማኝ ምንጭ መረጃ ደርሶናል የሚል። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ትእዛዝ ደግሞ በግቢው ውስጥ የሚገኙ «ሕገወጥ ነገሮች» ተበርብረው እንዲያዙ ይላል። የትኛው ክፍል? አይልም። ምን ዓይነት ነገር? አይልም። በሌሊት መግባት ይፈቀዳል? ስለ ሰዓት የተጻፈ ነገር የለም። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ላይ ግን ብርበራው የተካሄደው ከምሽቱ 3፡20 መሆኑ ሰፍሯል። ዝርዝሩን የፈረሙት ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ለገለልተኛ ምስክር የተተወው ቦታ ባዶ ነው።

(የልጁን ስምም ሰፈሩንም አልጠቅስም። እናቱ «ለሌላው ልጅ ከጠቀመ ጻፈው» ብለውኛል።)

ለልጁ የቆመለት ጠበቃ እስከዚያ ቀን ድረስ ይከራከር የነበረው «ዕፁ የደንበኛዬ አይደለም» በሚል ብቻ ነው። ስለ ትእዛዙ አንድ ቃል አልተነሳም። ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ ልጥል አልፈልግም፤ የዕፅ ክስ ሲነሳ የሁላችንም ዓይን የሚሄደው የተገኘው ነገር ላይ ነው። የእኔ አቋም ግን ምን ተገኘ ከማለታችን በፊት እንዴት ገቡ ብለን መጠየቅ አለብን የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ለሐሺሽ እየተከራከረ አይደለም።

ይህን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለአንድ ወንድም ባወራው ተቆጣ። «አኺ፣ ሐሺሽ የተገኘበትን ሰው በወረቀት ስህተት ልታስፈታ ነው?» አለኝ። ቁጣው ይገባኛል። እኔም ያደግኩበት ሰፈር ውስጥ አብሮኝ ቁርኣን የቀራ ልጅ በዚህ ነገር ሲጠፋ አይቻለሁ። ሐራምነቱም፣ የሚያደርሰው ጥፋትም አከራካሪ አይደለም። ወንድሜ ግን ጥያቄውን ሲያነሳ አንድ ነገር ረስቷል። ችሎት ፊት የሚቀርበው የተገኘበት ሰው ብቻ ነው። በዚያው ዓይነት ትእዛዝ ተበርብሮ ምንም ያልተገኘበት ቤት መዝገብ የለውም፣ ጠበቃ የለውም፣ ቀጠሮ የለውም። በዚያው ምሽት በዚያው ግቢ ሌሎቹ ክፍሎችም ተበርብረዋል። አንደኛዋ ተከራይ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የጤፍ ዱቄቷ መሬት ላይ ተዘርግፎ ሄዱ። ምንም አልተገኘባትም፤ ስለዚህም ማንም ዳኛ ስለ እሷ ምንም አልሰማም። ትእዛዙ ልክ አልነበረም ብሎ የእሷንም ጉዳይ አብሮ ማንሳት የሚችለው ብቸኛ ሰው ሐሺሽ የተገኘበት ልጅ ነው። ደስ አይልም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ወደ ሕጉ ልግባ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ሰው ቤቱ፣ ሰውነቱና ንብረቱ ከመበርበር የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ እንደ ወንጀል መከላከል ላሉ ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ነው። ያ ዝርዝር ሕግ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ አንቀጽ 32ና 33። ሁለቱ አንቀጾች አንድ ገጽ አይሞሉም። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ተነብበው ያልቃሉ።

አንቀጽ 33 የሚለውን በእኔ ቋንቋ ላስቀምጠው። ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ለፍትሕ ሥራ እንደሚጠቅም ሳያምን ሊሰጥ አይችልም። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስም ከተጠቀሰው ውጪ ሌላ ዕቃ መያዝ አይችልም። የተያዘው ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል፤ በተቻለ መጠንም አንድ ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አሁን የእናትየውን ወረቀት መልሳችሁ አስቡት። «ሕገወጥ ነገሮች» ማለት ዕቃ መለየት ነው? እንዲህ ያለ ትእዛዝ የያዘ ፖሊስ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይይዝ የሚወስነው ራሱ ነው። ሕጉ ያንን ውሳኔ ለዳኛው የሰጠው ግን ሆን ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ዐቃቤ ሕግ የሚያነሳው ጠንካራ መልስ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። አንቀጽ 32 ያለ ትእዛዝም መበርበር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል። አንዱ ሲሸሽ እየተከተሉት ቤት የገባ ወንጀለኛ ነው። ሌላው ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ፣ አቤቱታ ወይም ክስ ቀርቦበት፣ ማስረጃው ቤቱ ውስጥ ተደብቋል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖርና ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን ነው። ዕፅ ማዘዋወር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስቀጣው ከሦስት ዓመት በላይ ነው። ዕፅ ደግሞ ሽንት ቤት ውስጥ ተጥሎ ውኃ ሲለቀቅበት ያለቀለት ነገር ነው። ስለዚህ በዕፅ ጉዳይ ይህ ልዩ ሁኔታ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነው፤ ካልተጠነቀቅን ደንቡን ራሱን ይውጠዋል። በዚህ ልጅ ጉዳይ ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ፖሊስ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ አውጥቷል። ትእዛዝ ለማውጣት ጊዜ ከነበረ በትክክል የተጻፈ ትእዛዝ ለማውጣትም ጊዜ ነበረ። ወረቀቱ ጉድለት ሲገኝበት «ለነገሩ ወረቀት አያስፈልገንም ነበር» ማለት አይቻልም።

«ከታማኝ ምንጭ» የሚለው ሐረግ ግን ከሁሉም በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ክፍል ውስጥ ያነበብነውን አንድ የአሜሪካ መዝገብ አስታወሰኝ። በቴክሳስ ግዛት ሁለት የሂዩስተን ፖሊሶች ከሚታመን ሰው አስተማማኝ መረጃ እንደደረሳቸው፣ በአንድ ቤት ሄሮይን፣ ማሪዋናና ሌሎች ዕፆች እንደሚገኙ እንደሚያምኑ ጽፈው ለዳኛ አቀረቡ። ዳኛው ፈቀደላቸው። ሲገቡ ሰውዬው የዕፅ ጥቅልል ሊያስወግድ ሲል ያዙት። 20 ዓመት ተፈረደበት። ጠበቃው በችሎት የተቃወመው ትእዛዙ የቆመበትን ማመልከቻ ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም አጉዪላር በቴክሳስ ላይ በሚባለው በዚህ መዝገብ በ1964 እ.ኤ.አ. ቅጣቱን ሻረ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ማመልከቻው መረጃ ሰጪው ነገሩን እንዴት እንዳወቀ አይናገርም፤ ፖሊሶቹ ለምን እንዳመኑትም አይናገርም። ታዲያ ዳኛው ምኑን መዝኖ ነው የፈረመው? የፖሊስን እምነት ተቀብሎ ማኅተም ከመታ ዳኝነቱ የቱ ጋ ነው?

ቀጥሎ የሆነውንም መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የሚመቸኝን ብቻ መርጬ አወራሁ ማለት ነው። ያው ፍርድ ቤት በ1983 እ.ኤ.አ. መመዘኛውን አላላው። ኢሊኖይ ውስጥ የአንድ ትንሽ ከተማ ፖሊስ ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው፤ አንድ ባልና ሚስት ከፍሎሪዳ በመኪና ዕፅ ያመላልሳሉ የሚል። ደብዳቤው ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ሁሉም ተስማምቷል። ፖሊስ ግን አላረፈም፤ የባልየውን የአውሮፕላን ጉዞ አጣራ፣ ፍሎሪዳ ላይ ክትትል አስደረገ፣ ደብዳቤው አስቀድሞ የተናገረው ነገር በዓይን ሲታይ ትእዛዝ ጠየቀ። መኪናው ውስጥ ከ350 ፓውንድ በላይ ማሪዋና ተገኘ። ፍርድ ቤቱ አጠቃላይ ሁኔታው ታይቶ ትእዛዙ ልክ ነው አለ። በዓመቱ ደግሞ በሌላ የዕፅ መዝገብ፣ ትእዛዙ ጉድለት ቢኖርበትም ፖሊስ በቅንነት አምኖበት ከሠራ ማስረጃው ይቀበላል ተባለ። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልወደውም፤ ለጥንቃቄ ጉድለት ሽልማት ይመስለኛል። የደብዳቤውን መዝገብ ግን እቀበለዋለሁ። ልዩነቱ ፖሊስ ማጣራቱ ነው። የእናትየው ወረቀት ላይ የጠፋውም ይኸው ማጣራት ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐሳብ ሊመስለን አይገባም። እኔ የሕግ ተማሪ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ስሳሳት ኡስታዞቻችን ያርሙኝ። ሱረቱል ሑጁራትን ሁላችንም ቀርተናታል። 6ኛው አያ ወሬ ሲመጣልን ሳናጣራ ሰዎችን እንዳንጎዳ ያዘናል፤ 12ኛው ደግሞ የሰውን ነውር ከመሰለል ይከለክለናል። ሱረቱ-ን-ኑር ላይ የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ተከልክሏል። በተለይ አንድ ታሪክ ከዚህ ጉዳይ ጋር ቁርጥ ነው። ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር መዲናን በሌሊት ሲዞሩ መብራት የበራበትና በሩ የተዘጋ ቤት አዩ፤ ውስጡ ድምፅ ከፍ ብሏል። የረቢዓ ኢብኑ ኡመያ ቤት ነበር። ዑመር ሰዎቹ ኸምር እየጠጡ መሆኑን ተናግረው ምን ይታይሃል ብለው ጠየቁት። ዐብዱረሕማንም አላህ የከለከለንን መሰለል የፈጸምን ይመስለኛል ብሎ መለሰ። ዑመር ትተዋቸው ሄዱ።

አስተውሉ፤ ዑመር የአገሩ መሪ ናቸው፣ ኸምር ሐራም ነው፣ ቤቱ ውስጥ መኖሩንም ተናግረዋል። በሩን ያላስከፈታቸው አገባቡ ነው። በኋላ ዘመን አል-ማወርዲ የሙሕተሲብን ሥራ ሲጽፍ፣ ሙሕተሲቡ በግልጽ ያልታየን ነገር ሊሰልል እንደማይገባው አስቀምጦ፣ እንደ ነፍስ ግድያ ያለ ካመለጠ የማይመለስ ጥፋት ሲፈራ ግን ነገሩ እንደሚለይ ጽፏል። ከአንቀጽ 32 ልዩ ሁኔታ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ እዩት። ለወንድሜም ይህን ነገርኩት። ዝም አለና «እሺ፣ ግን ነጋዴው ይምጣብህ» አለኝ። ነጋዴውንም በሕጉ በር ገብተው ይያዙት ነው መልሴ።

ቢሮ ውስጥ የደረሰብኝ ፈተና ግን ከወንድሜ ቁጣ ይከብድ ነበር። ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ለሚቆጣጠረን መምህር ሳቀርብ አንብቦ ጨረሰና፣ «ጎበዝ። አሁን ትእዛዙ ልክ አይደለም ተባለ እንበል። ከዚያስ? ማስረጃው ይወገድ የሚለውን አንቀጽ አሳየኝ» አለኝ። ሥነ ሥርዓት ሕጉን ገለበጥኩ። አንቀጽ 130 በክስ ላይ የሚቀርቡ መቃወሚያዎችን ይዘረዝራል፤ ሕገወጥ ብርበራ አንዱ አይደለም። አንቀጽ 33 ፖሊስ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል፤ ባያደርግ የተገኘው ማስረጃ ምን እንደሚሆን አይናገርም። እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው የዚህ አገር ተከሳሽ የሚወድቀው።

የሚገርመው፣ የእኛ ሕግ በወጣበት በዚያው በ1961 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዝምታውን ሰብሮታል። የክሊቭላንድ ፖሊሶች ወረቀት እያሳዩ ትእዛዝ ነው ብለው የአንዲት ሴት ቤት ገብተው ነበር፤ በችሎት ግን ትእዛዙ አልቀረበም። ፍርድ ቤቱ በሕገወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በግዛት ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት የለውም ብሎ ወሰነ። እኛ ጋ አንቀጹ ከዚያን ዘመን ጀምሮ ያለ መዘዝ ተቀምጧል።

እስኪስተካከል ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። መንገድ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል፤ በሌሊት ያለ ሥልጣን በር አስከፍቶ መግባት ከማስገደድ ምን ያህል ይርቃል ብሎ መከራከር ይቻላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን የመንግሥት አካል ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደሌለው ይደነግጋል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 146 ተከሳሽ ማስረጃ ሲቀርብ እንዲቃወም፣ ፍርድ ቤቱም ወዲያው እንዲወስን ይፈቅዳል። ማስረጃው ባይወገድ እንኳ ገለልተኛ ምስክር ያልፈረመበት ዝርዝር፣ ሦስት ሰው ከሚኖርበት ክፍል ተገኘ የተባለ ጥቅልል፣ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ጥርጣሬ ደግሞ ለተከሳሽ ነው። የሕግ አውጪው ድርሻ ግን ይቀራል። በሕጉ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ የምፈልገው፣ ዕቃውንና ቦታውን ባልለየ ወይም በዳኛ ባልተመዘነ ትእዛዝ የተገኘ ማስረጃ እንዳይቀበል ነው። የቤት ቁጥር ሲተየብ 7 እና 1 ቢለዋወጡ ሁሉም ነገር ይፍረስ አልልም። ያ የጣት ስህተት ነው። «ሕገወጥ ነገሮች» ብሎ መጻፍ ግን የጣት ስህተት አይደለም።

ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ ግቢ ውጪ ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ። ፕሮክተሩ ዶርም ውስጥ ምድጃ ሲፈልግ የሚያደርገው ፍተሻ በግቢው ደንብ የሚታይ ነገር ነው። ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ ሲመጣ ግን የምናወራው ስለ አንቀጽ 32 ነው። በር ላይ አትታገሉ፤ መግቢያ ሲከለከል ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀምን ሕጉ ለፖሊስ ፈቅዷል። ትእዛዙን ለማየት በትሕትና ጠይቁ፤ የማን ቤት፣ ምን ዕቃ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚል አንብቡ፤ ሰዓቱን ያዙ፤ ጎረቤት ወይም አከራይ እንዲመለከት ጥሩ። ያላያችሁት ዕቃ በተጻፈበት ዝርዝር ላይ አትፈርሙ። እህቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የተያዘን ሰው ሰውነት የሚፈትሸው ተመሳሳይ ፆታ ያለው ሰው ብቻ እንደሆነ አንቀጽ 32 ራሱ ይናገራል። ሴት ፖሊስ ትምጣ ማለት ልመና አይደለም። ጠበቃ ስታገኙም ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀን ስጡት። የዚያ ልጅ ወረቀት ሰባት ወር ሙሉ ፌስታል ውስጥ ነበር።

ጠበቃው ያዘጋጀነውን ጽሑፍ ተቀብሎ በቀጣዩ ችሎት ተቃውሞውን አሰማ። ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ ጊዜው ያለፈበት መቃወሚያ ነው አለ። ዳኛው ተቃውሞው መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አዘው ከፍርዱ ጋር አብረን እናየዋለን አሉ። አንቀጽ 146 ወዲያው ይላል፤ ቢሆንም ተመዝግቧል። ወደ ውጪ ስንወጣ እናቱ ያልገባቸውን ጠየቁኝ፤ «ወረቀቱ ልክ ካልሆነ ልጄን ይመልሱልኛል?» አሉ። «አላውቅም እማማ» አልኳቸው። የቀጠሮውን ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝና አነበብኩላቸው፤ ግንቦት 12፣ ጠዋት 3፡30።